ቅዳሜን የቆጠሩት ኢንጂነር ኳቤና ዳፓ ቱማሲ (እ.ኤ.አ. 1950 – 2023)

ዛሬ ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2023፣ ጥቁርና ቀይ ለብሰን ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ኢንጂነር ኳቤና ዳፓ ቱማሲ፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1950 ጎህ ሲቀድ በሰፈራችን በኦዱምሶ በነበረው የእናቶቻችን ቤት፣ በግራ በኩል ባለው ክፍል ተወለዱ። ኳቤና የተባሉትም እንደ ማንኛውም የማክሰኞ ልጅ በተወለዱበት ዕለት ስም ነው። እናታቸው ወይዘሮ አኮስዋ ኒያርኮ የጨርቅ ነጋዴ፣ አባታቸው አቶ ኳኩ ቱማሲ ደግሞ ከኩማሲ ታኮራዲ ግንድ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ አፍያ ሰርዋ የእኔ የጸሐፊዋ እናት ናቸው። ስሜ ያ ዱፊ ይባላል። ሟቹ ለእኔ የእናቴ ወንድም፣ ወፋዬ ናቸው፤ ወፋ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እዚህ ዳስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አላስረዳም።

አቶ ኳኩ ፊደል አልቆጠሩም። ይሁን እንጂ ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ሲጓዙ፣ "ሾፌር መንገድ የሚመርጠው ዛሬ በሚያየው አይደለም፤ ትናንት ባስቆመው ነው" ይሏቸው ነበር። ወፋ ከብዙ ዓመት በኋላ በሙያቸው የተከበሩበትን ነገር ሁሉ ከዚች ቃል እንዳገኙት ይናገሩ ነበር። እኔ ማጋነን ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን የሜቶዲስት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በኩማሲ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1973 በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። በ1974 በመንግሥት የመንገድ ሥራ ተቀጠሩ። በ1979 ነርስ ኮምፎርት ኦፎሪዋን በሕግ አግብተው ኦውራኩና ፖኩዋ የተባሉ ሁለት ልጆች አፈሩ። ከ1981 እስከ 1983 ድረስ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ የትራንስፖርት ፕላን ተምረው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዲግሪው ጋር አንዲት አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ ይዘው መጥተው፣ ቀዝቃዛና አቧራማ ነፋስ በሚነፍስበት በሐርማታን ወቅት ማለዳ መኪና ሊቆጥሩ ሲወጡ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አድርገዋታል። የሰፈሩ ሰው ኮፍያዋን ከሩቅ ሲያይ፣ "መንገዱ ሊታመም ነው መሰለኝ፣ ሐኪሙ መጥቷል" ይል ነበር።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ "ኢንጂነር ኳቤና መንገድ ሠሪ ነበሩ" ትላላችሁ። በእጃቸው አንድ ሜትር መንገድ አልሠሩም። የእርሳቸው ሥራ መንገዱ ሳይሠራ በፊት ማን እንደሚሄድበት ማወቅ ነበር። በሰው ዓይን ያልተቆጠረ ቁጥር አያምኑም፤ ስለዚህ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ወንበር ይዘው መንገድ ዳር ይቀመጡና አምስት አምስት እያደረጉ በወረቀት ላይ ይጭራሉ። ልማዱ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። በአንድ ሰርግ ላይ ዓይናቸው ከበሩ አልነሣ ቢል ባለቤታቸው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራዋን እይ እንጂ! በሩ ምን ያደርግልሃል?" ቢሏቸው፣ "በደቂቃ አስራ አራት ሰው እየገባ ነው፤ ምግቡ አይበቃም" ብለው መለሱ። ምግቡም አልበቃም።

አሁን የሕይወታቸውን ዋና ሥራ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከመሀል ከተማ በኦዱምሶ በኩል የሚያልፈውን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዋና መንገድ ለማስፋት ታሰበ። የመላው አካባቢ የጉዞ ትንበያ ከሃያ ዓመት በኋላ መንገዱ ላይ የሚኖረውን የመኪና ብዛት አወጣና ስድስት መስመር ያስፈልጋል አለ። ስድስት መስመር ማለት ሁለት መቶ አስራ አራት ቤትና ሱቅ ይፈርሳል ማለት ነበር። የሬሳ ሳጥን የሚሠሩት አናጢዎች ተርታ፣ የጨርቅ ማቅለሚያው፣ የእነ አማ ምግብ ቤት፣ ሁሉም ቀይ ቀለም ተቀባ። የእናቶቻችን ቤት በርም ተቀባ። በዚያ ቤት እናቴ፣ እኔና ወንድሞቼ፣ ሦስት የእናቴ አክስቶችም እንኖር ነበር። አያቴ የሞተችው እዚያ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚነገር ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ወደ ወፋ ብቻ ነበር የሚያየው።

ወፋ ትንበያውን "ጭልፊቱ" ይሉታል። ጭልፊት ከላይ ሆኖ አገሩን ሁሉ ያያል፦ ስንት ሰው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ነገር ግን የትሮትሮ፣ የሕዝብ ማመላለሻው ሚኒባስ፣ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "እዚች ጋ፣ እዚች ጋ!" እያለ መኪናውን መሀል መንገድ ላይ ሲያስቆም አያይም። ሌላ ደግሞ በዚያ ዘመን በኮምፒውተር እያንዳንዱን መኪና በየሰከንዱ የሚያስኬድ አዲስ ዘዴ መጥቶ ነበር። ይህንን "ጉንዳኑ" ይሉታል። ጉንዳኑ መሬቱን ስንዝር በስንዝር ያውቃል፤ ከኦዱምሶ ማዶ ከተማ መኖሩን ግን አያውቅም። በቢሮው ውስጥ የጭልፊቱ ሰዎችና የጉንዳኑ ሰዎች በሁለት ፎቅ ተቀምጠው አይነጋገሩም ነበር። ጭልፊቱ መንገዱ ሊሸከም የማይችለውን መኪና ይጭንበታል፤ ጉንዳኑ ያንን ሲቀበል ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ ሁሉም "ያው፣ መንገዱ ይስፋ" ይላል።

ወፋ ሁለቱን አነጋገሩ። ጉንዳኑ መንገዱን ለማለፍ የፈጀበትን ደቂቃ ለጭልፊቱ እንዲነግር አደረጉ። ጭልፊቱም ያንን ሰምቶ፣ "እንግዲያው ከሾፌሮቹ ገሚሱ ነገ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ" ብሎ አዲስ ቁጥር ወደ ታች ይልካል። አባታቸው ያሏት ቃል ይህችው ናት። እንዲህ ሲመላለሱ በአስራ ዘጠነኛው ዙር ሁለቱ ተስማሙ። ከሰሜን መጥተው ኩማሲ የቀሩት ባልደረባቸው አቶ ኢሳካ ሱማኒ እንደነገሩኝ፣ ቁጥሮቹ እኩል ሲሆኑ ወፋ ከወንበራቸው ተነሥተው ለኮምፒውተሩ ባርኔጣቸውን አነሡለት። መልሱ አራት መስመር ይበቃል የሚል ነበር። አንድም ቤት አይፈርስም።

የዚያን ዕለት ቤታችን በግ ታረደ። እናቴ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም በሳሙና ልትፈትገው ሞከረች። ወፋ ፉፉውን ቆርሰው እየበሉ፣ "ቆይ እስኪ፣ ገና ለሕዝብ አልቀረበም" አሉ። ማንም አልሰማቸውም።

ለሕዝብ የቀረበው በጁላይ 2007 በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነበር። እኔም ነበርኩ። ወፋ ጉንዳኑን ግድግዳው ላይ አሳዩ፤ ትናንሽ መኪናዎች ሲርመሰመሱ አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። ያኔ የሰፈራችን ንግሥት እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ናና አቺያማ፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ኢንጂነር፣ እነዚህን መኪናዎች የቆጠርከው በየትኛው ቀን ነው?"

"ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ናና።"

"አንተ የማክሰኞ ልጅ ነህና ማክሰኞን ብትወድ አልፈርድብህም" አሉ፤ ሰው ሳቀ። "ግን እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ እኛ ሰው የምንቀብረው መቼ ነው?"

ሳቁ ቆመ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሬሳው ሳምንታት ቢቆይም ቀብሩ ቅዳሜ እንደሚሆን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሱንያኒ፣ ከኦቡዋሲ፣ ከአክራ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣውን ሕዝብ፣ ሬሳውን ተከትሎ መንገዱን የሚሞላውን ጥቁር ልብስ ሁላችንም እናውቃለን። ወፋ የተማሩበት መጽሐፍ ግን መኪና የሚቆጠረው በሳምንቱ መካከል ነው ይላል፤ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ተነቅሎ ለቅሶ የሚሄድ ከተማ አላየም። የእኛ ሰው ግን፣ ኦዱምሶ ተወልዶ፣ ሃምሳ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ለቅሶ ሲደርስ ኖሮ፣ መጽሐፉን አምኖ ቅዳሜን ረሳው።

አቶ ኢሳካ የወፋን እጅ ሳብ አድርገው፣ "ኢንጂነር፣ በመጽሐፉ እኮ ትክክል ነን" ብለው አንሾካሾኩ። ወፋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ፤ "በመጽሐፉ አዎ፣ በመንገዱ አይደለንም።" ከዚያ ወደ ናና ዞረው ጎንበስ አሉ። "ናና፣ ስህተቱ የኔ ነው። ስሌቱን አንሥቻለሁ።"

ስሌቱ ተነሣ ማለት ስድስቱ መስመር ተመለሰ ማለት ነው። ሁለት መቶ አስራ አራቱ ቤቶችም ወደሚፈርሱት ተራ ተመለሱ። የእኛም ቤት።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴ የተናገረችውን ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ፤ እርሷም ፈቅዳልኛለች። "ቤቱን በእጅህ ሰጥተውህ ነበር እኮ! ምነው አፍህን ብትይዝ?" አለች። ወፋም፣ "እትዬ፣ ቤቱ በውሸት ቢቆም ደስ ይልሻል?" አሏት። "ውሸት ማን አለህ? ዝም በል ነው ያልኩህ!" አለች እናቴ፤ ምግቡንም ከፊታቸው አነሣችው። ይህንን የምጽፈው እኔም ያን ቀን ከእናቴ ጋር ስለነበርኩ ነው። ጠልቻቸው ነበር።

ወፋ ሃያ ስድስት ቅዳሜ ቆጠሩ። በለቅሶ መንገድ ላይ በሸሚዝ ተቀምጦ መቁጠር ነውር ነው ብለው ጥቁር ጨርቃቸውን ተጎናጽፈው፣ ያችን አረንጓዴ ኮፍያ ደፍተው መንገድ ዳር ይቀመጡ ነበር። አላፊ አግዳሚው ለቅሶ ላይ ያሉ እየመሰለው እጃቸውን ይጨብጣል፤ "ማን ሞቶብዎት ነው?" ሲላቸው "ስሌቴ" ይሉ ነበር። ቅዳሜን ለጭልፊቱ ለማስተማርም በየግድግዳው የሚለጠፈውን የቀብር ማስታወቂያ ሰበሰቡ፤ ቦታውና ሰዓቱ እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ዳስና ወንበር አከራዮቹ ዘንድ ሄደው ለየትኛው ለቅሶ ስንት ወንበር እንደወጣ ጠየቁ። ከወንበሩ ብዛት የሚመጣውን መኪናና ትሮትሮ ማወቅ ቻሉ። የጭልፊቱ ሰንጠረዥ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለሥራ፣ ለትምህርትና ለገበያ ነው ይል ነበር፤ እርሳቸው "ለቅሶ" የሚል አራተኛ ረድፍ ጨመሩበት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ መምህር ነኝ፤ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ የአንድን አገር ሐዘን በወንበር ቆጥሮ ለመንገድ ሥራ ያዋለ ሰው ግን አላየሁም። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

በማርች 2008 ጭልፊቱና ጉንዳኑ ቅዳሜን ይዘው እንደገና ተነጋገሩ። የቅዳሜ ረፋድ የመኪና ብዛት ከማንኛውም የሥራ ቀን በሲሶ ይበልጥ ነበር። ሁሉም ሰው "እንግዲህ ስድስት መስመሩ አሸነፈ" አለ። ጉንዳኑ ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ በስድስቱም መስመር ቅዳሜ ቆሞ ይውላል። በየአቅጣጫው ካሉት ሦስት መስመሮች ትሮትሮው ለቀስተኛ ለማውረድ አንዱን ይዘጋል፣ ሬሳው የተጫነበት መኪናና ተከታዮቹ ሁለተኛውን ይይዛሉ፣ የቀረው ሁሉ በሦስተኛው ይጋፋል። ስፋቱ ሰልፉን አሰፋው እንጂ አላሳለፈውም። አራት መስመር ሆኖ፣ ትሮትሮዎች ከመንገዱ ወጥተው የሚቆሙባቸው ሦስት ማቆሚያዎች ቢኖሩ፣ መብራቶቹም ለቅዳሜ የራሳቸው ሰዓት ቢኖራቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መቃብሩ ሰባ ደቂቃ የሚፈጀው ሽኝት በሃያ ሁለት ደቂቃ ያልቃል። ከሁለት መቶ አስራ አራቱ ቤቶች ሁለት መቶ ሦስቱ ይተርፋሉ። አስራ አንዱ ለማቆሚያ ይፈርሳሉ።

ሦስተኛው ማቆሚያ በቤተ ክርስቲያኑና በለቅሶው ሜዳ መካከል መሆን ነበረበት። እዚያ ያለው የእናቶቻችን ቤት ነው።

አቶ ኢሳካ ይህንን የነገሩን ወፋ ካረፉ በኋላ፣ በሳምንቱ ለቅሶ ላይ ነው። ወፋ ለማንም ሳይናገሩ ማቆሚያውን በኮምፒውተሩ ላይ ሃምሳ ሜትር ወደ ላይ ወሰዱት፤ ሠላሳ ሜትር ወደ ታች መለሱት፤ ወደ ማዶ አሻገሩት፤ አጠበቡት። አርባ አንድ ጊዜ። አርባ አንዱንም ጊዜ መንገዱ ቆመ። "በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና 'ኢሳካ፣ ጻፈው' አሉኝ። 'ኢንጂነር፣ ሌላ ሰው ይጻፈው' ብላቸው 'ሌላ ሰው የማን ቤት እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ነው መጻፍ ያለበት' አሉኝ።" ቃላቸው ይህ ነው። አቶ ኢሳካ ሲናገሩ እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ነበር። እኛ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ወፋ ቤቱን ያለ ሐሳብ የሰጡት ነበር የሚመስለን።

ቤቱ በ2009 ፈረሰ። ወፋ እናቴን ወደ ቤታቸው ወስደው የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለቀቁላት። እናቴ ገባች፤ ግን አላናገረቻቸውም። በአንድ ገበታ ተቀምጠው "ኮምፎርት፣ ጨው አቀብላት ብለሽ ንገሪልኝ" ትል ነበር፤ ጨው ያለው ወፋ ፊት ነው። ወፋ ጨውን ለባለቤታቸው ይሰጣሉ፣ ባለቤታቸው ለእናቴ። እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። በ2010 ጡረታ ወጡ፤ በ2011 መንገዱ ተመረቀ፤ እናቴ ወደ ምረቃው አልሄደችም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ናና አቺያማ ዐረፉ። ለቀብራቸው የመጣው ሕዝብ በዓይን አይሰፈርም ነበር። ወፋ ሰዓታቸውን ይዘው ከሬሳው ጋር ሄዱ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ ለአንዷ ደቂቃ ለሳምንት ተበሳጩ። ከቀብሩ መልስ እኔና እናቴ በትሮትሮ መጥተን ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ወረድን። ወፋ እዚያው ቆመው ይጠብቁን ነበር። እናቴ አስፋልቱን አየት አድርጋ ሦስት ዓመት ያልሰጠቻቸውን ቃል ሰጠቻቸው።

"ኳቤና፣ የእማማ አልጋ እዚህ ጋ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ትንሽ ወደ ግራ።"

እናቴ ከኋላችን ከትሮትሮ የሚወርዱትን ጥቁር የለበሱ ሴቶች አየች። "ሰዉ ግን በጊዜ ደርሷል" አለች። ከዚያ ክንዳቸውን ያዘቻቸውና አብረው ወደ ለቅሶው ገቡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ሲጠራ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጭልፊትና ጉንዳን ሳይነጋገሩ መንገድ ማቀድ በእኛ ከተማ ነውር ሆነ፤ ወጣት መሐንዲሶች የሚሠሩበት ሰንጠረዥም "ለቅሶ" የሚለውን ረድፍ እስከ ዛሬ ይዟል።

ወፋ ከ2021 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። አንድም ቀን አላማረሩም፤ ያማረሩት የሆስፒታሉ መግቢያ በር መኪና የሚያዞርበትን መንገድ ነው። በመጨረሻው ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ሳለሁ፣ "ለእኔ ስንት ወንበር ልትከራዩ ነው?" አሉኝ። "ወፋ፣ ተዉ እንጂ!" አልኳቸው። "ንገሪኝ፤ ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ።" "ስምንት መቶ" አልኩ እያለቀስኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ትንሽ አሰሉ። "ጸሎቱን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አታሳልፉት። ትሮትሮዎቹ ማቆሚያው ውስጥ ይግቡ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከበለጠ ስህተቱ የኔ ነው።" ሐሙስ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኮምፎርት ኦፎሪዋን፣ ልጆቻቸውን ኦውራኩንና ፖኩዋን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ አፍያ ሰርዋን፣ እኛን የእህታቸውን ልጆች፣ እንዲሁም እንደ ወንድም የሚያዩአቸውን አቶ ኢሳካ ሱማኒን ትተው ሄደዋል።

የሞትን መሰላል የማይወጣ የለም፤ ዛሬ ተራው የእርሳቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ሲታተም ሽኝቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አላወቅንም፤ ስለዚህ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እናውቃለን። ዛሬ ጠዋት በጊዜ የደረሳችሁ ለቀስተኞች ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ከትሮትሮ ስትወርዱ፣ እግራችሁ የረገጠው ኢንጂነር ኳቤና ዳፓ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የተወለዱበትን ክፍል ነው።

ወፋ፣ ዳሚሪፋ ዱዌ፤ በሰላም ይረፉ። መንገድ እንዳስተካከሉልን መንገድዎን እግዚአብሔር ያስተካክልልዎ፤ በደጁም ሳያስቆም ያስገባዎ። አሜን።